የንጉሥ መዝገብና የቅሬ መዝገብ

ሰው ስለ ተወለደበት አገር ሲጠየቅ አስቀድሞ ወደ አፉ የሚመጣለት በዚያ አገር ያለፈ የታላቅ ሰው ስም ነው። «ንጉሥ እገሌ የከተሙበት፣ የጦር አበጋዝ እገሌ ድል ያደረጉበት አገር ነው» ብሎ ሲናገር፣ እርሱ ራሱ በዚያ ጦርነት ጋሻ አንግቦ የዋለ ያህል ደረቱን ይነፋል። ይህ ነገር በራሱ ነውር አይደለም፤ የአባቶቹን ሥራ የማያውቅ ሰው ከየት እንደ ተነሣ የማያውቅ መንገደኛ ነውና። ነውሩ የሚመጣው ከዚህ በቀር ሌላ ታሪክ የለም ብሎ ሲያስብ ነው። ታላቅ ቀን ለአንድ አገር በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣለት ነው፤ በቀሩት ቀኖች ሁሉ ያን አገር ሳይፈርስ የሚያቆየው ሌላ ኃይል አለ። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ኃይል ልነግርህ አስቤአለሁ። የተማርኩትም ከመጽሐፍ አይደለም፤ በጎረምሳነቴ ወራት በወረኢሉ ከሠራሁት አንድ ጥፋት ነው። ነገር ግን ጥፋቴን ከመናዘዜ በፊት አገሩን ላሳይህ።

ወረኢሉ በደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ በካቤ በኩል አድርጎ ይደርስባታል። በዙሪያዋ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳና ጃማ አሉ፤ ወደ ምዕራብ ርቀው ቢሄዱ ደግሞ ቦረናና መካነ ሰላም ይገኛሉ። አገሬው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ያበቅላል። ኑሮው አብዛኛውን ጊዜ በበልግ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በየካቲት የዘራውን በሰኔ ለማጨድ ተስፋ ያደርጋል፤ በልጉ የቀረ እንደ ሆነ ግን ረኃብ ደጁ ላይ ይቆማል። ዝናቡ ቢሰምርም እንኳ ውርጭ የሚባል ሌላ ጠላት አለ፤ ማታ አረንጓዴ የነበረውን ማሳ ጧት የተቀቀለ ጎመን አስመስሎት ያድራል። ስለዚህ ለደጋ ሰው ሁለተኛ እርሻው በጉ ነው። የበጉን ጸጉር ሴቶች ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ባና አድርጎ ይሠራዋል፤ ባናም ቀን ልብስ፣ ሌሊት መኝታ ይሆናል። በእንዲህ ያለ አገር ብቻውን መኖር የሚችል ሰው የለም። ይህን ነገር ልብ አድርገህ ያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የአገሩ ስም ራሱ አንድ ትምህርት ይዟል። «ወረ» የሚለው ቃል ኦሮምኛ ነው፤ ትርጓሜውም ቤተ ሰብ፣ የአንድ ቤት ወገን ማለት ነው። ወረ ሂማኖ፣ ወረ ባቦ እንደሚባለው ሁሉ ወረኢሉም የኢሉ ቤት፣ የኢሉ ወገን ማለት ነው። ዛሬ ወሎ የምንለው አገር አብዛኛው ደጋ በጥንት ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ኦሮሞዎች መጥተው ከነባሩ ሕዝብ ጋር ተዋጉ፣ ታረቁ፣ ተጋቡም። ከዚያም ወዲህ የወረኢሉ ሰው በአማርኛ እየተናገረ የኦሮምኛ ስም ባለው አገር ሲኖር አንዱም ቀን ነገሩ ግራ ሆኖበት አያውቅም።

አሁን ወደ ንጉሦቹ ነገር እንግባ። ምኒልክ ገና ወጣት ሳሉ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ በመቅደላ ተይዘው ይኖሩ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው ሲወጡ መንገዳቸው በወሎ በኩል ነበርና በወረ ሂማኖ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት እጅ ገቡ። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ደግሞ በዚያው በመቅደላ በእስር ላይ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ የምኒልክን ማምለጥ በሰሙ ጊዜ ተቈጥተው ልጁን አስገደሉት። እናቲቱ ግን ኀዘናቸውን ይዘው እንግዳውን ለአሳዳጁ ሳይመልሱ ወደ ሸዋ ሰደዱት። ወጣቱ ምኒልክ የሸዋን ዙፋን ያገኙት በአንዲት ወሎዬ እናት ቤት አልፈው ነው። የመንግሥትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን በአንድ መስመር ጽፈው ያልፉታል፤ አንተ ግን ቆም ብለህ አስበው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ሰሜን ለማስፋት ተነሡ። በ1860ዎቹ ዓመታትም በወረኢሉ ምሽግ ሠርተው ጦር አሰፈሩበት። በዚያ ዘመን ከተማ ማለት እንደ ዛሬው ሱቅና መንገድ ያለበት ቦታ ማለት አልነበረም፤ ሠራዊት የሰፈረበት፣ ጌታ የከተመበት ማለት ነበር። የወረኢሉም ከተማ የተቆረቆረችው የወሎን አገር ለመጠበቅና ለመያዝ ነው። ነገሩን ሳንሸፍን በግልጽ ቃል እንናገረው፦ የከተማዋ የመጀመሪያ ሥራ ጎረቤቷን መጠርጠር ነበር። ወታደሩ ከሸዋ መጣ፤ አገሬው ደግሞ የሚያበላው እርሱ ሆነ። ንጉሡ ቅጥሩን አቆሙ፤ የቦታው ስም ግን እንደ ቀድሞው የኢሉ ቤት እንደ ተባለ ቀረ።

ከዚያም በኋላ ከባድ ዘመን መጣ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ከታረቁ በኋላ በዚያው ዓመት በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። በዚያ ጉባኤ የክርስቲያን ሊቃውንት ክርክር ከተቈረጠ በኋላ፣ የወሎ እስላም ባላባቶች ክርስትና እንዲነሡ ተወሰነ። መሐመድ ዓሊ ዐፄ ዮሐንስን የክርስትና አባት አድርገው ሚካኤል ተባሉ፤ አባ ዋጠው ደግሞ ንጉሥ ምኒልክን የክርስትና አባት አድርገው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ባላባቱ ስሙን ለወጠ፤ ሕዝቡ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አልሆነም። እኩሌታው ተጠመቀ፤ እኩሌታው አገር ለቅቆ ተሰደደ፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ እምቢ ብለው ተነሥተው ተዋጉ። ሃይማኖት በአዋጅ ሲታዘዝ የሚወለደው ፍሬ መራራ መሆኑን ወሎ በደሙ ተምሮታል። ነገር ግን ከዚያ ዘመን በኋላ የወሎ ሕዝብ ያደረገውን ነገር አስተውል፤ በአንድ ቤት የክርስቲያን አያትና የእስላም አያት ያለው ልጅ ተወለደ፤ ስሙ የክርስቲያን፣ የአባቱ ስም የእስላም ሆነ፤ ይህም በማንም ዘንድ አስገራሚ መሆኑ ቀረ። አዋጁ ሊያጠፋው ያሰበውን ልዩነት ሕዝቡ ሳያጠፋ አብሮት መኖርን ተማረ።

ወደ ታላቁ ቀን ደርሰናል። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው በውጫሌ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተፈረመ። የዚህ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል ስለ ነበረ ጠብ ተነሣ። በመካከሉ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ አገሪቱን መታት። አገሩ ከዚያ ረኃብ ገና ሳያገግም ነው እንግዲህ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ያስነገሩት። የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ገብቶ እንዲገኝ አዘዙ፤ ራሳቸውም በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በዚያው ወር ወረኢሉ ደረሱ። ውሉ የተፈረመው በወሎ ምድር፣ ውሉን በደም ለመፋቅ የሸዋ ጦር የከተተውም በወሎ ምድር መሆኑን ልብ በል።

ይህ ሁሉ ሰው ስንቁን ጭኖ፣ ሚስቱን፣ አሽከሩንና በቅሎውን አስከትሎ በዚያች ደጋ ላይ ሲሰፍር ምን ይመስል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የወረኢሉ ምሽግ የተሠራው ወሎን ለመጠበቅ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ግን የወሎ ፈረሰኛ በራስ ሚካኤል አዝማችነት ከሸዋው ጦር ጋር በአንድ ወገን ተሰልፎ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ በኅዳር 28 ቀን በአምባ አላጌ፣ በየካቲት 23 ቀንም በአድዋ ተዋጋ። ለጥርጣሬ የታጠረው ቅጥር የአንድነት መሰብሰቢያ ሆነ። ታሪክ ከሚሠራው ተአምር ይህ አንዱ ነው።

ከአድዋ በኋላ የወረኢሉ ስም በንጉሦች መዝገብ ውስጥ እየቀጠነ ሄደ። የመንግሥቱ መቀመጫ አዲስ አበባ ሆነ፤ ወሎን የሚገዙት ራስ ሚካኤል፣ በኋላም ንጉሥ የተባሉት፣ መናገሻቸውን በደሴ አደረጉ። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. አገሩን ከያዙ በኋላ የመኪና መንገድ ሲሠሩ፣ ጥርማ በርን በዋሻ በስተው በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ አወጡት። በደጋው ላይ ይመላለስ የነበረው ነጋዴ ወደ ቆላው መንገድ ወረደ። ወረኢሉም ቀድሞ በር የነበረችው፣ ከመንገድ ዳር የራቀች ጓዳ ሆና ቀረች። ይህ የንጉሥ መዝገብ ነው። እኔም በልጅነቴ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። በደሴ እማር ነበርና በ1963 ዓ.ም. ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቦቼ ተመለስኩ። በታሪክ ትምህርት ከክፍሌ አንደኛ ስለ ወጣሁ መጽሐፍ ተሸልሜአለሁ። ያን መጽሐፍ ይዤ በየሄድኩበት ስለ ምኒልክና ስለ ክተቱ አስተምራለሁ፤ አፌን የሚዘጋ ሰው አልተገኘም። ከሰፈራችን ጥግ አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። እስላም ናቸው፤ ባላቸው ሸማኔ ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ባልቴቲቱ የበግ ጸጉር እየፈተሉ ነው የሚኖሩ። እናቴ እሳት ሲጠፋባት ገል ይዤ የምላከው ወደ እርሳቸው ቤት ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ የቅሬው ለፋፊ ከጉብታው ላይ ወጥቶ ተጣራ። ባልቴቲቱ ሌሊት አርፈዋል። አባቴ ዶማውን አንሥቶ ወጣ፤ ለእኔም «ተከተለኝ» አለኝ። ካፊያ ነበረ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔም «እደርሳለሁ» ብዬ ባናዬን ተከናንቤ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ አልኩ። መጽሐፌን ገለጥኩ። ያን ዕለት ያነበብኩት ምን እንደ ነበረ አልረሳውም፤ ስለ አድዋ ጀግኖች ነበር። ቀብሩ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነሣሁም።

በማግስቱ ቅሬው በሜዳው ላይ ተሰብስቦ የቀረውን ሰው ሲቈጥር ስሜ ተጠራ። የቅሬው ዳኛ እስላም ሽማግሌ ነበሩ፤ ጢማቸው እንደ ተባዘተ ጥጥ የነጣ፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ። እንደሚቈጡኝ ጠብቄ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ምኒልክ እዚህ የከተቱት በምን ወር ነበር?»

«በጥቅምት ነው ጌታው፤ በ1888 ዓ.ም.» አልኩ፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ማወቄ ደስ አለኝ።

«ደግ ተምረሃል። የጥቅምትን ውርጭ መቼም ታውቀዋለህ። ያ ሁሉ ሰው ከደጋውም ከቆላውም ሲሰበሰብ የታመመ አልነበረም? የሞተስ አልነበረም?»

«መቼም አይጠፋም፣ ጌታው።»

«ንጉሡ ዘማች ናቸው፤ አይቆሙም። ሠራዊቱም ተነሥቶ ሄደ። ታሞ የቀረውን ማን አስታመመው? የሞተውንስ ማን ቀበረው?»

መልስ አጣሁ። ሽማግሌው አፌን ጥቂት ጊዜ ጠበቁና «ይህ በመጽሐፍህ አይገኝም። የቀበረው እዚህ የነበረው ሰው ነው። ስሙን የማያውቀውን እንግዳ እንደ ሃይማኖቱ ቀበረው። አንተ ግን ስማቸውን የምታውቃቸውን፣ እሳት የጫርክባቸውን ጎረቤትህን ለመቅበር ይህን ሜዳ መሻገር አቃተህ» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምንም አልጨመሩም። አንድ ብር ተቀጣሁ፤ አባቴ ከፈለ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ አልተቈጣኝም፤ በር ላይ ስንደርስ ግን ትከሻዬን አየና «የለበስከውን ባና የፈተለችው ማን ናት?» ብሎኝ ገባ። የፈተሉት እርሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው የቅሬን ነገር መጠየቅ የጀመርኩት። ቅሬ በሌላ አገር ዕድር የሚባለው ነው፤ ነገር ግን በወሎ ቅሬ ከመቅበሪያ ገንዘብ የሚበልጥ ነገር ነው። የአንድ አካባቢ ሰው ሁሉ፣ እስላምም ክርስቲያንም፣ በአንድ ቅሬ ውስጥ ይገባል። ሰው ሲሞት ወንዱ መቃብር ይቈፍራል፣ ሬሳ ይሸከማል፤ ሴቲቱ እንጀራዋን ይዛ ለቅሶ ቤት ትመጣለች። የሟቹ ቤተ ሰብ ጎጆ ቢቃጠል፣ በሬው ገደል ቢገባ ቅሬው ይመክራል። ሁለት ሰዎች በድንበር ቢጣሉ ሽማግሌ የሚመርጥላቸው ይኸው ቅሬ ነው። የማይታዘዝ ሰው ይቀጣል፤ አልታረም ያለውን ቅሬው ያወጣዋል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚሰጠው፣ ሲሞትም የሚቀብረው አያገኝም፤ ስለዚህ ይህን ቅጣት ከእስር ቤት አብልጦ የማይፈራው የለም።

የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበሉም፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ ልዩነት ለመራራቅ ምክንያት አልሆነም። ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለእስላም ጎረቤቶቹ ለብቻ በግ ያዘጋጃል፤ የሚያርደው እስላም ነው፤ ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ ወጥ ሠሪዋም ከእስላም ቤት ይመጣል። እስላሙም ሲደግስ እንደዚሁ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ሃይማኖት ሳይነካ፣ አንዱም የራሱን ሳይተው በአንድ ደስታ ይቀመጣሉ። ዝናብ ሲጠፋ ወይም በሽታ ሲገባ ወዳጃ ይደረጋል፤ ቡናው ይፈላል፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ክርስቲያኑም ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ «አሜን» ይላል። በሥራም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የአንተን ማሳ ነገ የእኔን የምንለው ወንፈል፣ ባለ ማሳው ደግሶ ሰው የሚጠራበት ደቦ፣ ውርጩ ሳይቀድም ሰብሉን የሚያስገቡ እነዚህ ናቸው። ቀደም ብዬ በዚህ አገር ብቻውን መኖር የሚችል የለም ያልኩህ ስለዚህ ነው። ሰዎቹ ከሌላው አገር ሰው የተለዩ ጻድቃን ስለ ሆኑ አይደለም፤ ብርዱና ገደሉ እርስ በርሳቸው እንደሚፈላለጉ ስላስተማራቸው ነው።

እውነቱን ለመናገር ቅሬም ነውር የሌለው አይደለም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን የሚንቅ ክፉ ልማድ በአገራችን ብዙ ዘመን ኖሯል። የሠራውን እየለበሱ፣ ባበጀው ማረሻ እያረሱ፣ በሠራችው ምጣድ እየጋገሩ በጋብቻ ግን የሚሸሹት ነበሩ። እኔም በዚያ ቀን ከምድጃው አጠገብ የቀረሁት በብርዱ ብቻ ይመስልሃልን? የሟቿ ሰው የበላይ ቢሆን ኖሮ ካፊያው አያግደኝም ነበር። ይህን ለራሴ ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ቅሬው ግን በሕጉ የሸማኔዋን ባልቴትና ባለ ርስቱን በአንድ ዶማ ነበር የሚቀብር። ሕጉ ከሰዎቹ ልብ ይሻል ነበር፤ ጥሩ ሕግ ማለትም ሰው ከልቡ ክፋት በላይ እንዲሠራ የሚያስገድደው ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ አባቴ ሞተ። ያኔም ክረምት ነበር። በሌላ አገር በሥራ ላይ ነበርኩና መርዶው ደርሶኝ ስገሠግስ ገብቼ ቀብሩ ላይ ደረስኩ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ያለውን ጭቃ እየረገጠ፣ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚቈፍረውን ጎልማሳ አወቅሁት፤ የባልቴቲቱ የልጅ ልጅ ነው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት ውስጥ እኩሌታዎቹ እስላሞች ነበሩ። ወደ እርሱ ሄጄ እጁን ያዝኩ፤ አፌ ግን ምንም ሊናገር አልቻለም። እርሱ ጭቃውን ከእጁ እየጠረገ «አብሽር» አለኝ። ያን ቀን የቀረሁትን ያውቅ እንደ ሆነ ጠይቄው አላውቅም።

በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኃብ የወሎን ደጋ ባዶ አደረገው። በልጉ ቀረ፤ በጉም አለቀ። ቅሬው በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚጣራበት ወራት መጣ፤ በመጨረሻም ለቀብር የሚወጣው ሰው ራሱ ጉልበት አጣ። በዚያን ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚሆን ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አገር ተወስዶ ሰፈረ። አንዳንዱ በፈቃዱ ሄደ፤ ብዙውም ተገድዶ ተጫነ። እነዚህ ሰዎች በወለጋና በመተከል ቆላ ከማያውቁት ሕመም ጋር ሲገናኙ ከቶ ምን አደረጉ? ከሩቅ አገር የመጡ፣ ቀድሞ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ተሰብስበው ቅሬ አቋቋሙ። ቤቱ፣ በሬው፣ ማሳው ቀርቷል፤ ሊወሰድ የቻለው ይህ ብቻ ነበር። ምሽግ ተሸክሞ መሄድ አይቻልም፤ ጉርብትናን ግን ሰው በልቡ ይዞት ይሄዳል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ወረኢሉ ደረሰ። ወጣቶቹ ሸሹ፤ ብዙ ሽማግሌዎች ቀሩ። ከዚያ በኋላ ከዘመዶቼ የሰማሁት ይህን ነው፦ የሚሸሸው ሰው ቁልፉን ለማይሸሸው ጎረቤቱ ትቶ ይሄድ ነበር፤ ሃይማኖቱን የጠየቀ አልነበረም። ንጉሥ የለ፣ ክተት የለ፤ የቀረው ያው የጥንቱ ነገር ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ መደምደሚያዬ ልምጣ። በእንግሊዝ አገር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1538፣ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም የነበረው ቶማስ ክሮምዌል በየደብሩ ያለ ቄስ ሁሉ የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን ሰው ስም በየሳምንቱ በመዝገብ እንዲጽፍ አዘዘ። መዝገቡም ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን እንዲቀመጥ፣ አንዱ ቁልፍ በቄሱ፣ ሁለተኛው በምእመናኑ ተጠሪዎች እጅ እንዲሆን ተደረገ። ሕዝቡ በጊዜው «ይህ ነገር ቀረጥ ሊጣልብን ነው» ብሎ ጠርጥሮ ነበር። ዛሬ ግን በዚያ አገር በሃምሳ ጎጆ መንደር የተወለደ ሰው መዝገቡን ገልጦ የአራት መቶ ዓመት ጎረቤቶቹን ስም ያነባል። ንጉሥ ያላለፈባት መንደር እንኳ ታሪክ አላት።

እኛስ? የወረኢሉን የአንድ ወር ታሪክ ዓለም ያውቀዋል፤ የቀረው የመቶ ሃምሳ ዓመት ታሪኳ በሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው፤ ሽማግሌው ሲቀበር አብሮ ይቀበራል። እኔን የጠየቁኝ ዳኛ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ የሚያውቁትን ሁሉ ጠይቄ አልጻፍኩም። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ከፊተኛውም ይከብደኛል፤ ለዚህኛው መቀጫ የሚቀበለኝ የለምና።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ የንጉሦችን ታሪክ አንብብ፤ አድዋን አትርሳ። ነገር ግን የተወለድክበት መንደር ወረኢሉ ትሁን ሌላ፣ አንድ ደብተር ገዝተህ በአገርህ ያለውን ቅሬ፣ ዕድር፣ ማኅበር ማን እንዳቋቋመው ጠይቅ። በክፉው ዓመት ማን ማንን እንዳበላ፣ ማን ማንን እንደ ቀበረ ጻፍ። የባለ ርስቱን ስም ስትጽፍ የሸማኔውንም ጻፍ፤ የአባትን ስም ስትጽፍ የእናትንም አትተው። የምትጠይቀው ሽማግሌ ዛሬ አለ፤ ነገ ለመኖሩ ዋስ የለህም።

ከዚህም ሁሉ በፊት፣ ለፋፊው ሲጣራ የሰማህ እንደ ሆነ፣ ይህንንም ጽሑፍ እያነበብክ ቢሆን፣ መጽሐፉን አጥፈህ ውጣ።